ቀን የማይቆርጥ ተስፋ

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ድርድርም አልጽፍም። ስለ ምንዛሪም ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ሳይጠሩትም ይገባል። የዛሬው ጉዳዬ ተስፋ ነው፤ ያውም አርባን የተሻገረ ክርስቲያን የሚይዘው ተስፋ። እኔም እዚያው ሰፈር ነኝ።

በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ 30 ዓመቱ የነበረ አዲስ አበቤን አስቡት። በየወሩ ባንክ እየተሰለፈ ሲቆጥብ ትዳር ያዘ፣ ልጅ ወለደ፣ ልጁ ፊደል ቆጠረ፣ የእሱም ፀጉር ሸበተ። ከእነዚያ ተመዝጋቢዎች ብዙዎቹ ዛሬም ተከራይ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ120 አለፈ። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልቀነሰም። የሚገዛው ነገር ነው የቀነሰው።

በዚህ ላይ ወላጅ አርጅቷል፣ ልጅ አድጓል። የእናት የስኳር መድኃኒትና የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ሳምንት ይመጣሉ፤ ደመወዝ ደግሞ አንድ ነው። ጎልማሳነት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከላይም ከታችም ሰው ተደግፎብህ አንተ የምትደገፍበት ስታጣ።

ታዲያ ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ምን ይሰማል?

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ስለ ራሳችን ቤት ልጀምር። ሰንበት ትምህርት ቤቱ የወጣቶች ነው። ጠዋት ኪዳን የሚያደርሱት፣ ቀን ሱባኤ የሚይዙት በአብዛኛው ጡረተኞችና እናቶች ናቸው። ጎልማሳው የሚታወሰው ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ነው፤ ወይም በንግሥ ቀን ጥላ ለጨረታ ሲወጣ። ኪሱ ይጠየቃል፤ ልቡ ምን ላይ እንዳለ የሚጠይቀው ግን ከንስሐ አባቱ በቀር የለም። እሳቸውም ብዙ ልጆች አሏቸው፤ የሚያገኛቸው ጥምቀት ሲደርስ ቤት ሊረጩ ሲመጡ ብቻ ከሆነ ስንት ነገር ይነገራል?

ይህን ባዶ ቦታ የሚሞሉት ቀን ቆርጠው ተስፋ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። በአዳራሽ ማይክ ይዘው «ይህ ዓመትህ ነው» የሚሉ አሉ። በእኛም በኩል ዘመን እየቆጠሩ «ቀርቧል፣ ሊፈጸም ነው» የሚሉ «ባሕታውያን» አልጠፉም፤ ቪዲዮዋቸው ከቅዳሴው በላይ ይታያል። አንድ ወዳጄን ከመስከረም በፊት የራስህ ቤት ትገባለህ ብለውት ነበር። መስከረም መጣ፤ ሌላም መስከረም መጣ። ዛሬ የትም አይሄድም። «እግዚአብሔር አልዋሸኝም ይሆናል፤ ግን ማን እንደዋሸኝ ለመለየት ደከመኝ» ነው ያለኝ። ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ያሳዘነኝ የለም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል፣ የተማረከው ሁሉ ይመለሳል አለ። ከኤርምያስ አንገት ላይም የእንጨቱን ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ዛሬ ቢሆን አዳራሹ በእልልታ ይናወጥ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ኤርምያስ አስቀድሞ የሰጠው መልስ ነው። አልተሳደበም። አሜን፣ እንዳልከው ያድርግልን ነው ያለው። እሱም እኮ ይፈልገው ነበር! የሕዝቡን መመለስ ያልተመኘ መስሎት የሚያነበው ሰው ተሳስቷል። ግን ምኞቱን ትንቢት ነው ብሎ አልሸጠም። ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ የጻፈው 70 ዓመት ብሎ ነው፤ ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩበትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ብሎ።

አሁን 45 ዓመት የሞላው ምርኮኛ ሆናችሁ ያን ደብዳቤ ስሙት። 70 ዓመት ማለት አንተ አትመለስም ማለት ነው። የምትተክለውን ወይራ ሌላ ሰው ይለቅመዋል ማለት ነው። ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ይህን ቢሰማ ይቆጣል፤ ሰማንያ የሞላቸው አዛውንት ምናልባት ቀድሞም ያውቁታል። ጎልማሳው ግን ገና ብዙ ዓመት መኖር አለበት፤ ያን ሁሉ ዓመት ደግሞ ለራሱ ለማይደርስ ነገር ሲሠራ። በዚህ ዕድሜ እምነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እግዚአብሔር መኖሩን ከመጠራጠር ይልቅ ተስፋው ለእኔ ሳይሆን ከእኔ በኋላ ለሚመጣው መሆኑን መቀበል ይከብዳል።

ምዕራፍ 32 ደግሞ አለ፤ ብዙ የማይሰበክ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባለች። ኤርምያስ በንጉሡ ቤት በግዞት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ መጥቶ ዓናቶት ያለውን መሬት ግዛኝ ይለዋል። በዚያ ሰዓት መሬት የሚገዛ ጤነኛ ሰው የለም። ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር መዘነ፣ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አስፈረመ። የታተመውንና ክፍቱን፣ ማለትም ዋናውንና ቅጂውን፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው ለባሮክ ሰጠው። (ውልና ማስረጃ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ምዕራፍ ከማንም በላይ ይረዳዋል።)

ሲጠራ ብላቴና ነኝ ብሎ ነበር። በመካከል ያሉትን ነገሥታት ዘመን ብትደምሩ ከጥሪው እስከዚያ ውል ድረስ 40 ዓመት ገደማ ነው። የወጣት ሞቅታ አልነበረም ማለት ነው። መሬቱንም አላረሰው፤ በኋላ ወገኖቹ ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ፣ መመለሱም አልተጻፈም። ያም ሆኖ ከፍሎ ፈረመ።

«ይህማ ሰውን ቻል እያሉ ማስተኛት ነው፤ ለባለሥልጣን የሚመች ስብከት ነው» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ትዕግሥት የሚለው ቃል በአገራችን ለስንት ዓላማ እንደዋለ አይተናል። ግን ኤርምያስ ለምን እንደታሰረ አንብቡ። ንጉሡ መስማት ያልፈለገውን ስለተናገረ ነው። ንጉሡን የሚያስደስተውስ የሐናንያ ዓይነቱ ነው፤ ነገ ሁሉ ይስተካከላል የተባለ ሕዝብ ዛሬ ማንንም አይጠይቅም። የቤቱ ዕጣ የት ደረሰ፣ የቆጠብነውስ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተአምር ከሚጠብቀው ይልቅ ለሹም ያስቸግራል።

እንግዲህ አባቶችንና መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አዲስ ዓመት ሲመጣ ለዓመቱ ስም አታውጡለት። ለጎልማሳው እውነቱን ንገሩት፤ ይችለዋል፤ ከዚህ የከፋ ሲችል ኖሯል። ከቁጥሩ በስተቀር አያውቀውምና ምዕራፍ 32ን ስበኩለት።

ለነገሩ ሳይሰበክም የሚሠራበት አለ። የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከባለተራው ቤት ጽዋውን የሚቀበለው ሰው በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን ቤቱ ክፍት እንደሚሆን፣ ድፎ ዳቦው እንደሚጋገር፣ ጠላው እንደሚጠመቅ በሰው ፊት ቃል ይገባል። ስለ ዋጋው ማንም ዋስትና አልሰጠውም። እኛ በየወሩ በ21 እንሰበሰባለን። በቀደም ወጪው ስለከበደ ወጡ ይቅር ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ አንዷ እህታችን እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች ብላ እስከማልቀስ ደረሰች። በመጨረሻ ወጡ ቀረ፤ ዳቦና ጠላው ጸና። የሚቀጥለው ዓመት ተራም ተጽፏል፤ አሥራ ሁለት ስም፣ ከየስሙ ጎን የቤት አድራሻ። የሁለቱ አድራሻ ባዶ ነው፤ ቤት እንዲለቁ አከራያቸው ነግሯቸዋል፣ እስከዚያ የት እንደሚሆኑ አያውቁም። ወራቸውን ግን መርጠዋል፤ አንዱ ጥር፣ ሌላው ግንቦት።