አንበሳ ዓሣን ማደን ከንቱ ድካም አይደለም
እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሎሪዳ ዳርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን ወራሪ አንበሳ ዓሣ ጠላቂዎች አንድ በአንድ በጦር መውጋታቸው ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። እንስቷ በዓመት እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች፣ ጠላቂ የማይደርስበት ጥልቀትም መሸሸጊያዋ ነው፤ ስለዚህ ዘሩ አይጠፋም፣ እውነት ነው። ግን ማጥፋት ለምን ግብ ይሆናል? ባሃማስ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ በአንዲት ትንሽ የኮራል ቋጥኝ ላይ የተለቀቀ አንድ አንበሳ ዓሣ በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚሰፍሩትን የዓሣ ጫጩቶች በአማካይ በ79 በመቶ ቀንሷል። በኋላ እዚያው በተደረገ ሙከራ ደግሞ፣ ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ በታች በተያዘባቸው ቋጥኞች ነባሮቹ ዓሦች አገግመዋል፣ ያውም ወራሪው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ። የታደነውም ዓሣ አይባክንም፦ መርዙ 18 እሾኾቹ ላይ እንጂ ሥጋው ውስጥ የለም፤ እሾኹ በመቀስ ከተቆረጠ ሥጋው ለገበታ ይቀርባል። ስለዚህ ለአደኑ የሚውለው ገንዘብ በዓመት አንዴ ለሚደገስ የአደን ውድድር ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ተመረጡ ቋጥኞች በየጊዜው ለሚመለሱ ጠላቂዎች ይመደብ።