«ዕጢ» ማለት ሁልጊዜ ካንሰር ማለት አይደለም፦ የኩላሊት ሕመምተኞችና የአስተርጓሚ መብት

በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ እንደ ፕሮስቴት ያለውን ተፈጥሯዊ የሰውነት ክፍልና ያለ ቦታው የበቀለውን እብጠት። ሁለተኛው በብዙዎች ጆሮ ከካንሰር ተለይቶ አይሰማም። በአሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የሐኪሙን ማብራሪያ በልጁ ወይም በጎረቤቱ በኩል ሲሰማ፣ ይህ የቃል መደባለቅ ኩላሊት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

ዛሬ ትንንሽ የኩላሊት ዕጢዎች በአብዛኛው የሚገኙት ለሌላ ሕመም በተነሣ ምስል በአጋጣሚ ነው። መጠናቸው ከ4 ሴንቲሜትር ከማይበልጡት መካከል ከአምስት አንድ ያህሉ ካንሰር አይደሉም። አንጂዮማዮሊፖማ የተባለው ስብ ያዘለ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ይለያል። ኦንኮሳይቶማን ግን በምስል ብቻ ከካንሰር መለየት አስቸጋሪ ነው። ናሙና ወስዶ መመርመር ይረዳል፤ ሆኖም ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም።

ስለዚህ ሕመምተኛው ፊት ከአንድ በላይ መንገድ አለ፦ በየጊዜው በምስል መከታተል፣ ናሙና መስጠት፣ ዕጢውን ብቻ ማስወጣት ወይም ሙሉ ኩላሊቱን ማስወጣት። የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ሳይረዳ የፈረመ ሰው ፈቃዱን ሰጥቷል ሊባል አይችልም።

«ካንሰር አይደለም» ማለትም «ክትትል አያሻውም» ማለት አይደለም። አንጂዮማዮሊፖማ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ሲያድግ የመድማት ሥጋቱ ይጨምራል፤ ደም የሚያደርሰውን የደም ሥር መድፈን አንዱ ሕክምና ነው። የሽንት ፊኛ ዕጢዎች ደግሞ በአብዛኛው ካንሰር ስለሆኑ፣ በሽንቱ ደም ያየ ሰው ሳይመረመር ሊሸኝ አይገባም።

ሕጉ አለ። በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሽፋን ሕግ አንቀጽ 1557፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ማስተርጎም በማስፈጸሚያ ደንቡ ተከልክሏል። በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የ2000ውን የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ ቢሽርም፣ እነዚህን ሕጎች አልሻረም፤ ሊሽርም አይችልም።

ክፍተቱ ያለው በአፈጻጸሙ ነው። ግዛቶች ለሜዲኬይድ ሕመምተኞች አስተርጓሚ የሚያወጡትን ወጪ ከፊሉን ከፌዴራል መንግሥት ማስመለስ ይችላሉ፤ ለአገልግሎቱ ለብቻው እንዲከፍሉ ግን አይገደዱም። ባልተከፈለበት ቦታ ወጪው በክሊኒኩ ላይ ይወድቃል፤ ጫናውም ሕመምተኛው ዘንድ ይደርሳል።

ከሕግ አውጪዎች የሚጠበቁት ሦስት እርምጃዎች ናቸው።

አንደኛ፣ በየግዛቱ ሜዲኬይድ ለሕክምና አስተርጓሚ ለብቻው ይክፈል፤ ክፍያውም ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለውን ሙሉ ውይይት ይሸፍን።

ሁለተኛ፣ የፈቃድ ቅጾችና የምርመራ ውጤት ማብራሪያዎች በሙያተኛ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ይመለሱ። «ካንሰር ያልሆነ ዕጢ» እና «ካንሰር መሆኑ ገና ያልታወቀ ዕጢ» በግልጽ ተለይተው ይጻፉ።

ሦስተኛ፣ ሆስፒታሎች የሕመምተኛውን ቋንቋና በፈረመበት ሰዓት አስተርጓሚ መኖር አለመኖሩን እንዲመዘግቡ፣ መዝገቡንም ለተቆጣጣሪው አካል እንዲያቀርቡ ይደረግ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በማይገባው ቋንቋ የተነገረው ሕመምተኛ ግን በሽታውን አልደበቀም፤ የተደበቀው ከእርሱ ነው። ይህን ማረም የሕግ አውጪዎች ኃላፊነት ነው።