አንደበት ሳይሆን ፓስፖርት ሲፈተን

ዳንግላ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን መቀመጫው በዚህችው ከተማ ነበር። ዛሬ ጉዞው ተገልብጦ የከተማዋ ወጣት መምህራን እንግሊዝኛቸውን ይዘው ወደ ሩቅ ምሥራቅ መሄድ ይመኛሉ። «ዲግሪ አለኝ፣ ልምድ አለኝ፣ ታዲያ ለምን አይቀበሉኝም?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። መልሱ ያለው በችሎታ ዘንድ ሳይሆን በሕግ ዘንድ ነው።

ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ በመርህ ደረጃ የሰባት አገሮች ዜጎች ድርሻ ነው፤ የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። ልብ በሉ፤ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነው ሕዝብ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ መመዘኛው አፍ መፍቻ ቋንቋ ነው ቢባልም የሚፈተነው ፓስፖርት ነው። በአገውኛ ወይም በአማርኛ አፉን ፈትቶ፣ ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ዲግሪ በእንግሊዝኛ የተማረው መምህር ለፈተናው እንኳ አይቀርብም።

ይሁንና ይህ በር ተከፍቶ ያውቃል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኮሪያ ጋር የንግድና የኢኮኖሚ ስምምነት ስትፈራረም፣ ዲግሪና የእንግሊዝኛ መምህርነት ማስረጃ ያላቸው ዜጎቿ በኮሪያ ትምህርት ቤቶች በረዳትነት እንዲያስተምሩ አስፈቅዳለች። ስምምነቱ በ2010 በሥራ ላይ ሲውል የሕንዶች አነጋገር በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። የተለወጠው ውሉ ነው።

የእኛ መንግሥትስ? ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኳታርና ከዮርዳኖስ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈራርሟል፤ ትኩረቱ ግን በአብዛኛው የቤት ሠራተኞች ናቸው። ለእነርሱ ጥበቃ መደረጉ ተገቢ ነው። በእኔ እምነት ግን ለመምህሩም የሚደራደርለት ያስፈልገዋል።

እስከዚያው የግለሰቡ ምርጫ ዜግነት ሳይሆን ሙያ የሚመዘንበትን አገር መፈለግ ነው። የአሜሪካ የመምህራን ልውውጥ ቪዛ (ጄ-1) ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የሚጠይቀው በአገር ቤት ለማስተማር ብቁ መሆንን፣ ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር የሚመጣጠን ዲግሪን፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድንና በቂ የእንግሊዝኛ ችሎታን ነው። የተወለዱበትን ቋንቋ አይጠይቅም።

በእኛም አገር ቢሆን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ ከቤት ሠራተኝነት ውጭ የሆነ ሥራ በራሱ ጥረት ያገኘ ዜጋ ከሚመለከተው ሚኒስቴር ፈቃድ አግኝቶ በቀጥታ እንዲቀጠር መንገድ ይተዋል። ስለዚህ «በጎብኚ ቪዛ ግባ፣ እዚያ እንቀይርልሃለን» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ መምህሩ ሊገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። በጎብኚ ቪዛ የሚያስተምር ሰው ደመወዙ ቢከለከል አቤት ለማለት ይቸገራል፤ አቤት ካለም ራሱ ሊባረር ይችላል።