ስልኩ የግል ነው፤ ጉዳዩ ግን የሕዝብ ነው

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው የዛሬው ወጣት ከዲግሪው ወረቀት ሌላ አንድ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም የእጅ ስልኩ ነው። የመምህሩን ማስታወሻ ያነበበው በእርሱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር የቡድን ሥራ የተከፋፈለው፣ የፈተና ውጤቱን ያየው፣ የሥራ ማስታወቂያውን ያገኘው፣ ለእናቱም ገንዘብ የላከው በእርሱ ነው። ስለዚህ በተመደበበት ክፍል ወንበር ይዞ ሲቀመጥ የቢሮውም ሥራ በዚሁ ፍጥነት የሚካሄድ ቢመስለው አይፈረድበትም። በቢሮው ውስጥ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው፤ በገመድ የታሠረ ፋይል፣ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ፣ ፊርማ፣ ግልባጭ፣ ማኅተም። ወጣቱ ይኸን አይቶ «ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» ይላል። አለቃውም ወጣቱን አይቶ «ይህ ልጅ ስልኩን የሚያስቀምጠው መቼ ነው?» ይላል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ደግሞ ባለጉዳዩ ቆሞ ይጠብቃል። እኛም ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገርበት የፈለግነው ነገር ይኸው ነው።

ስልክ ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረ ሲሆን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መቶ ዓመት ያህል ስልክ የመሥሪያ ቤቶችና የጥቂት ሰዎች ቤት ዕቃ ሆኖ ቆየ። የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻቸውን ከ80 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገለጸ። በ1991 ዓ.ም. የተወለደው ሕፃን ዛሬ አድጎ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። በመቶ ዓመት ያልታየውን ለውጥ እርሱ በራሱ ዕድሜ አይቶታል። እንግዲህ ይህ ሰው ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ የሚሄድ ደብዳቤ አምስት ቀን ሲፈጅበት ቢገረም፣ መገረሙ የትዕቢት ምልክት ሳይሆን የጤናማ አእምሮ ምልክት ነው።

ፍጥነትን መሻት ጥፋት አለመሆኑን በመጀመሪያ ልናሰምርበት እንወዳለን። ደጅ ጥናት የሚባለው ነገር በአገራችን ስንት የሥራ ቀን እንዳባከነ፣ ስንቱንም ገበሬ ከእርሻው አስወጥቶ በከተማ አልጋ ቤት እንዳሳደረ የማያውቅ የለም። አንዳንድ ነባር ሹማምንት የወጣቱን ችኮላ ሲያዩ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሂድ ያለ ማንም የለም። ሕጉም ቢሆን ከወጣቱ ጋር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን አያጣም ይላል። የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸንቷል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር አሰባስቧል። ስለዚህ ወጣቱ የሚጠብቀው ነገር መንግሥት ራሱ እደርስበታለሁ ብሎ ያወጀው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ፍጥነት አንድ ነገር ነው፤ ዱካ ሳያስቀሩ መሮጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ጭንቀታችንም እዚህ ላይ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ መደረጉ ይታወሳል። በዚያ ጊዜ የእጅ ስልክ ቢሮ ሆነ። የቴሌግራም ቡድን ተቋቋመ፤ ደብዳቤ በስልክ ፎቶግራፍ እየተነሣ ተላከ፤ ትእዛዝም በድምፅ መልእክት ተሰጠ። ለችግር ጊዜ ይህ መልካም ዘዴ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ሠራተኛው ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ልማዱ ግን በስልኩ ውስጥ ቀረ። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሁለት ቢሮ አለ ማለት ይቻላል። አንደኛው መዝገብና ማኅተም ያለው፣ ሁለተኛው መዝገብም መዝጋቢም የሌለው በቴሌግራም ያለው ቢሮ ነው። እውነተኛው ውሳኔ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ወጣቱ ሠራተኛ የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይደርሰዋል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ለኃላፊው ይልካል። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ሳለ «ይሁን» ብሎ ይመልሳል፤ ወይም አውራ ጣት የተነሣበትን ምልክት ብቻ ይልካል። ጉዳዩ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ባለጉዳዩም መርቆ ይሄዳል። ከስምንት ወር በኋላ ግን ሌላ ክፍል «ይህን ማን ፈቀደ?» ብሎ ይጠይቃል። ኃላፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረዋል። ወጣቱ ስልኩን ታክሲ ውስጥ ተሰርቆ አዲስ ገዝቷል። በፋይሉ ውስጥ ያለው ማመልከቻው ብቻ ነው፤ «ይሁን» የተባለው ቃል የትም የለም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው። በስልክ ያለው ነገር ጽሑፍ ቢመስልም ወራሽ ከሌለው ከቃል አይሻልም።

ብዙ ወጣቶች መዝገብ የአለቆች መሣሪያና የሥራ ማጓተቻ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ከሁሉ በፊት የደካማው ሰው ጋሻ ነው እንላለን። ገንዘብና ዘመድ ያለው ሰው የኃላፊውን የግል ስልክ ቁጥር ያውቃል፤ ፋይሉ ቢጠፋ ደውሎ ያስፈልገዋል። ዘመድ የሌላት ባልቴት በእጇ ያለው በትንሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ የገቢ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። በዚያች ቁጥር «በዚህ ቀን አመልክቻለሁ፤ መልሱ የት አለ?» ለማለት ትችላለች። ጉዳዩ ከመዝገብ ወጥቶ በግል ስልክ መካሄድ ሲጀምር ያች ቁጥር ዋጋ ታጣለች፤ ሥራውም የሚፈጸመው ለተዋወቁ ሰዎች ብቻ ይሆናል። ወጣቱ የሚጠላው አድልዎ ወጣቱ በሚወደው መሣሪያ ተመልሶ ይገባል ማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ዲሴምበር ጄፒ ሞርጋን በተባለው ባንክ ላይ በድምሩ 200 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣሉ። በ2022 ሴፕቴምበርም በሌሎች የታወቁ የገንዘብ ድርጅቶች ላይ በድምሩ ከ1.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተጨመረ። የተቀጡት ገንዘብ ጎድሎ ስለ ተገኘ አይደለም። ሠራተኞቻቸው፣ አለቆችም ጭምር፣ የድርጅቱን ሥራ በግል ስልካቸው በዋትስአፕና በመሰሎቹ ሲጻጻፉ ድርጅቶቹ የጽሑፉን መዝገብ ስላላስቀመጡ ነው። በስኮትላንድም በኮሮና ጊዜ ባለሥልጣኖች የተጻጻፏቸው ብዙ መልእክቶች ተሰርዘው በምርመራ ጊዜ መታጣታቸው ብርቱ ወቀሳ አስነሣ፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሠራተኞቹ ዋትስአፕን ለመንግሥት ሥራ መጠቀማቸውን እንዲተዉ መወሰኑን አስታወቀ። በሥልጣኔ ቀድመውናል የምንላቸው አገሮች በዚህ ጉዳይ ከተሰናከሉ በኋላ ወደ መዝገብ ተመልሰዋል። እኛ ሳንሰናከል ልንማርበት እንችላለን።

ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ ማሸከም ፍትሕ አይሆንም። አንዳንድ ኃላፊዎች «ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ስልክ እንዳይታይ» የሚል ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ራሳቸው «ሪፖርቱን ቶሎ በቴሌግራም ላክልኝ» ይላሉ። ወጣቱም የኢንተርኔት ጥቅል ከደመወዙ ገዝቶ የመንግሥትን ሥራ ይሠራል። እርሳስና ወረቀት ለሠራተኛው የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት፣ የዛሬ እርሳስ የሆነውን የመገናኛ ዘዴ ማቅረብም ግዴታው ነው። በመሥሪያ ቤቱ ስም የተከፈተና በትክክል የሚሠራ ኢሜይል፣ ደብዳቤ በገባበት ሰዓት ቁጥር የሚሰጥና ከኃላፊ ወደ ኃላፊ የሚያስተላልፍ የኮምፒዩተር መዝገብ፣ ሰው ሲዛወር ለተተኪው የሚተላለፍ የሥራ አድራሻ ያስፈልጋል። እነዚህን ሳያቀርቡ ስልክን መከልከል ውኃ ሳይቀዱ ጥማትን መከልከል ነው።

የምሥጢር ነገርም አለ። የባለጉዳይ መታወቂያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በወጣቱ ስልክ ውስጥ ከሠርግና ከልደት ፎቶግራፍ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ስልኩ ሲሸጥ ወይም ለታናሽ ወንድም ሲሰጥ ያ ሁሉ የት ይሄዳል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። ለተጻፈለት መሥሪያ ቤት ሳይደርስ በማኅበራዊ መገናኛ የሚታይ ደብዳቤም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአንድ ግዴለሽ ሰው ስልክ ነው።

ስለ ጠባይም አንድ ቃል እንጨምር። ባለጉዳይ ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር ዓይንን ከስልክ አለማንሣት ነውር ነው። ወጣቱ ምናልባት የሥራ መልእክት እያነበበ ይሆናል፤ በፊቱ የቆመው ሰው ግን ይኸን አያውቅም። ቲክቶክ እያየ ይመስለዋል፤ ልቡም ይቆስላል። እንዲሁም ኢንተርኔት የማይዝ ተራ ስልክ ይዘው የመጡ አዛውንት «ሰነድዎን በቴሌግራም ይላኩልኝ» መባል የለባቸውም። ለእርሳቸው ፈጣኑ መንገድ «አባቴ፣ ይቀመጡ፤ እኔ አስገባልዎታለሁ» የሚል ሠራተኛ ማግኘት ነው።

በሌላ በኩል ኃላፊዎችም ወጣቱ ስልክ ስላለው ብቻ ቀንና ሌሊት በሥራ ላይ ነው ብለው ማሰብ አይገባቸውም። በሌሊት አራት ሰዓት ትእዛዝ ልኮ በማለዳ «ለምን አልመለስክም?» ማለት ሥራ ማክበር አይደለም። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጪ ከስልኩ ስለሚያርፍበት መብት ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር እንዲነጋገሩ ሕግ ያስገድዳል። ወጣቱም በበኩሉ ለላከው መልእክት ሁሉ በደቂቃ ውስጥ መልስ የመጠበቅ ልማዱን ሊተው ይገባል። አንዳንድ ጉዳይ ሕግ ተገልጦ፣ ሰው ተጠይቆ፣ አድሮ የሚወሰን ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው በሩብ ሰዓት የተሰጠ የተሳሳተ ውሳኔ በሦስት ዓመት ክርክር አይቃናም።

የኮምፒዩተሩ መዝገብ በሁሉም ዘንድ እስኪደርስ ወጣቱ ከነገ ጀምሮ ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። ኃላፊው በስልክ ፈቃድ ሲሰጡት «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እገሌ በስልክ ባዘዙት መሠረት» ብሎ አጭር ማስታወሻ ጽፎ በፋይሉ ውስጥ ያኑር፤ ኃላፊውም ከስብሰባቸው ሲመለሱ ይፈርሙበት። ለዚህ ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። ፍጥነቱም አይቀርም፤ ዱካውም አይጠፋም። በዝውውር ቀን ደግሞ ከወንበሩና ከቁልፉ ጋር በስልኩ ያለውን የሥራ ጽሑፍ አስረክቦ ከግል ስልኩ ይሰርዝ።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር የቆዩ ደብዳቤዎችን ጠብቆ ለእኛ አድርሷል። እነዚያን የጻፉ ሰዎች ስማቸው ባይታወቅም ቀን ጽፈው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ግልባጭ ስላስቀሩ ዛሬ ስለ ዘመናቸው ለማወቅ ችለናል። የዛሬው ወጣት ከእነርሱ አብልጦ የተማረ፣ ከእነርሱም የተሻለ መሣሪያ በእጁ ያለው ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ትውልድ የእርሱን ሥራ ሲፈልግ የሚያገኘው የተሰረዘ የቴሌግራም ቡድን ከሆነ ግን፣ በአገሪቱ ታሪክ ከሁሉ የፈጠነው ትውልድ ምንም እንዳልሠራ ሆኖ ሊታይ ነው። ይህ እንዳይሆን የማድረጉ ሥልጣን በሚኒስትሮችና በኃላፊዎች እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ማመልከቻ በተቀበለው ወጣት እጅም ነው።