እንጀራና ድምፅ

በ1966 ዓ.ም. የተወለደ ኢትዮጵያዊ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ 17 ዓመቱ ነበር። ፊደል የቆጠረው፣ ሰልፍ የወጣው፣ መዝሙር ያጠናው፣ ጓደኛ ያፈራውና ሰው የቀበረው በአንድ ርዕዮተ ዓለም ሥር ነው። ያ ትውልድ ለልጆቹ ያወረሳት፣ ዛሬም በየቤቱ የምትሰማ አንዲት ምክር አለች፤ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ»። ምክሯ ከእስር ቤትና ከለቅሶ ቤት የወጣች ናትና ማንም ሊንቃት አይገባም። ሆኖም የተሳሳተች ናት ብዬ እከራከራለሁ። በደርግ ዘመን ከፖለቲካ የራቀውን ሁሉ ፖለቲካ ራሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ አግኝታዋለች፤ እህሉን ሰፍራ፣ ልጁን ለጦር ሜዳ አፍሳ፣ መንደሩን ነቅላ። እኔ ከዚያ ዘመን የምወስደው ትምህርት የምክሯ ተቃራኒ ነው። የፖለቲካ ነፃነት ማለት መንግሥትን «ተሳስተሃል» ብሎ ተናግሮ በሰላም ቤት መግባት ነው። ይህ ነፃነት ጠግቦ ያደረ ሰው የሚመኘው ቅንጦት ይመስለን ይሆናል፤ የ17ቱ ዓመታት ታሪክ ግን እንጀራም ሕይወትም ያለ እሱ እንደማይጠበቁ ያሳያል።

ክርክሩን ደርግ ከሁሉ በላይ ከተወደደበት ሥራ መጀመር ተገቢ ነው። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። በተለይ በደቡብ፣ ካመረተው ላይ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ሲያስረክብ የኖረው ጭሰኛ ባላባቱ ከጫንቃው ወረደለት። ይህ በአገራችን ታሪክ ከተሠሩት ታላላቅ የፍትሕ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ደርግን የሚጠላም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ገበሬው መሬት ሲያገኝ ድምፅ አላገኘም። መሬት ሊያከፋፍል የተቋቋመው የገበሬዎች ማኅበር ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ኮታ ሰብሳቢ፣ ወታደር መልማይና የመንደር ምሥረታ አስፈጻሚ ሆነ። ገበሬው እህሉን ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ምርቱ ያልሞላለትም ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን የሚያሟላበት ጊዜ ነበር። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በየስብሰባው በጭብጨባና በወጣ እጅ እየተደገፉ ተስፋፉ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁና ገበሬው ከፈለገ ከማኅበሩ መውጣት እንደሚችል ሲነገረው፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውንና ማሳውን ተከፋፍሎ ወደየቤቱ ሄደ። ለዓመታት የወጣው እጅ ምን ያህል እውነት እንደነበረው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የሚጎዳውን ሰው የማይሰማ መንግሥት በጎ ሥራውንም ራሱ ያበላሸዋል፤ ሲያበላሸውም አያውቅም።

ይህ አለመስማት በእህል ዋጋ ላይ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ኪሳራ ተብሎ በታለፈ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ግን የሰው ሕይወት በላ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ደርግ በቴሌቪዥን ያሳየው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም ነበር፤ የሚያልቀው ሕዝብና የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጎን ለጎን ቀረቡ። ዘውዱን የጣለው ትልቁ ክስ «ሕዝብ ሲራብ ደበቃችሁ» የሚል ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ብርቱ ረሃብ መምጣቱን ለለጋሾች አስጠነቀቀ። መንግሥት ግን የገዥውን ፓርቲ የኢሠፓን ምሥረታና የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያ አስመጥቶ አዲስ አበባን በቅስትና በባንዲራ ያስጌጥ ነበር። ዓለም ወሎንና ትግራይን ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ሲደርስ ነው። የሟቾቹ ግምት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ድርቁን ደርግ አላመጣውም፤ ጦርነቱ፣ ኮታውና ዝምታው ግን ድርቁን እልቂት አደረጉት። ዘውዱና ደርግ በርዕዮተ ዓለም ሰማይና ምድር ነበሩ፤ በአንድ ነገር ግን አንድ ነበሩ። የደሴ ወይም የመቀሌ ጋዜጣ «ሰው እየሞተ ነው» ብሎ የሚጽፍበት፣ የወሎ ተወካይ ተነሥቶ ሚኒስትሩን የሚጠይቅበት ቦታ በሁለቱም ዘመን አልነበረም። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን የወሎን ረሃብ ካጠኑ ምሁራን አንዱ ናቸው፤ ነፃ ጋዜጣና ተፎካካሪ ፓርቲ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ሲሉም ይከራከራሉ። እኛ ይህንን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ በ11 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይተነዋል።

ከተሜውስ? በከተማ ያደገ ልጅ መንግሥትን ያወቀው በቀበሌ በኩል ነው። ቀበሌ የተቋቋመው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አነስተኛ ኪራይ እንዲሰበስብና የሰፈር ጉዳይ እንዲያይ ነበር። ብዙ ሳይቆይ መታወቂያው፣ የይለፍ ወረቀቱ፣ የኅብረት ሱቁ ስኳርና ዘይት፣ የፍርድ ሸንጎው፣ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃና እስር ቤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጭቆናው የሚሠራበት ዘዴ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁሉን ሰው ለመግደል ጥይት አይበቃም፤ ዳቦው፣ ቤቱና መንገዱ በአንድ እጅ ከገቡ ግን ጥይቱ አልፎ አልፎ ብቻ ያስፈልጋል። ከስብሰባ የቀረች እናት የምትፈራው መታሰርን ብቻ አልነበረም፤ ራሽኗንም ነው። ልጇ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለ ማርክስና ሌኒን የሚባለውን መመለስ፣ ቤት ሲገባ የሰማውን መርሳት፣ ሁለቱን አለማገናኘት ይማራል። ብዙዎች የዚያን ዘመን ጉዳት በሟቾች ቁጥር ብቻ ይለኩታል። ለእኔ ግን ይህ በሁለት ምላስ ማደግም ከጉዳቶቹ ሁሉ የቆየው ነው፤ ሰው ጎረቤቱን ካላመነ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ መብቱን ሊጠይቅ አይችልምና።

ደርግ ተቃዋሚዎቹን ያለ ፍርድ የገደለበት ቀይ ሽብር የመጣው ድንገት አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚያህሉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ብዙ የተማረ ሰው ይህን በዝምታ አለፈው፤ ከፊሉም ደግፎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሞቱት መሳፍንትና ሹማምንት ናቸው፣ የተገደሉበትም የሚመስለው ዓላማ ቅዱስ ነው። ነገር ግን በዚያች ሌሊት የሞተው የመከሰስና የመከላከል መብት የመሳፍንቱ ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ያው ፍርድ አልባ ጥይት ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ወደ ኢሕአፓ ወጣቶች ዞረ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሬሳ በየመንገዱ ተጣለ፤ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ የሰጠው ሌላው የግራ ድርጅት መኢሶንም ተራው ደርሶ ተበላ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። ኢሕአፓም በከተማ ውስጥ ተቀናቃኞቹን በጥይት ያስወግድ ነበር። የዚያ ዘመን ግራ ክንፍ ለዴሞክራሲ ቢጮኽም፣ የንግግር ነፃነትንና ገለልተኛ ፍርድ ቤትን «የቡርዧ» እያለ የሚያጣጥል አስተሳሰብ ከውስጡ አልጠፋም ነበር። መብትን ለወዳጅ ብቻ የሚገባ ነገር ያደረገ ሁሉ፣ ወዳጅና ጠላት የሚለየው ባለጠመንጃው መሆኑን ያወቀው ዘግይቶ ነው። የነፃነት ዋጋ የሚፈተነው የምንጠላው ሰው ሲከሰስ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው የሚያነሣቸው ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ደርግ ሕዝብ አስተምሯል» የሚል ነው። እውነት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ማንበብና መጻፍ አስችሏል፤ ከዩኔስኮም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ግን ያው መንግሥት ማንበብ ያስተማረውን ሕዝብ ምን እንደሚያነብም ወሰነለት። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዓሉ የዘውዱ ናፋቂ አልነበረም፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ያገለገለ፣ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ያየ ሰው ነበር። ሥርዓቱ የራሱን ሰው ምስክርነት መሸከም ካልቻለ፣ ፊደል የቆጠረው ገበሬ ቢጽፍለት ምን ሊያደርገው ነበር? የማንበብ ችሎታ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሙሉ የሚሆነው ግን ያነበበው ሰው መመለስ ሲችል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አገር ስትወረር ነፃነት አይነሣም» ይላል። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ወረራ መፈጸሟም፣ ሕዝቡ ለዳር ድንበሩ መዝመቱም እውነት ነው። ነገር ግን ዝምታ አገርን አዳነ ወይ ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ሌላ ነው። በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ በቀጣዩ ወር የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀች፣ ዕዙም ተደመሰሰ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ 12ቱ ተገደሉ። ጦሩ ልምድ ያላቸው አዛዦቹን በገዛ መንግሥቱ እጅ አጣ፤ የቀሩትም እውነቱን ከመናገር ዝምታን መረጡ። ከአፍሪካ ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ የነበረው ጦር በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ ጀግንነት አጥቶ አልነበረም። ሽንፈቱን አስቀድሞ የሚያሳይ፣ ሰላም ይሻላል ብሎ በሸንጎ የሚሟገት አንደበት ስላልነበረ ነው። አንድነት በግዴታ ሲጠበቅ፣ ግዴታው የላላ ቀን የሚቀረው ምሬቱ ነው።

ሦስተኛውና ዛሬ በብዛት የሚሰማው ተቃውሞ «ደርግ ወድቆስ ምን አገኘን?» የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ በማንነት የተነሡ ግጭቶችን፣ መፈናቀልን፣ ጦርነትን ያየ ሰው የደርግን ዘመን ጸጥታ ቢናፍቅ አልፈርድበትም። ግን ናፍቆቱ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ያ ጸጥታ ከቀይ ሽብር በኋላ ለነበረችው አዲስ አበባ እንጂ በቦምብ ለተደበደቡት ለናቅፋና ለሐውዜን ወይም በሱዳን በረሃ ለሚሰደደው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን የነፃነት ብዛት አመጣው ማለት አይቻልም፤ ነፃነቱ በተዘጋ ቁጥር ነው ቁስሉ የሰፋው። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ አዘጋጆቻቸው ግን ብዙም ሳይቆይ ይታሰሩ ጀመር። በ1997 ዓ.ም. ፓርቲዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ ሕዝቡም ድምፁን ለመስጠት ለሰዓታት ተሰለፈ። ከምርጫው በኋላ ያ መድረክ ሲጠብ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ሲገደሉና መሪዎቹ ሲታሰሩ፣ ጥያቄው ከምርጫ ሣጥን ወጥቶ ሌላ መንገድ ፈለገ። በዚያ የምርጫ ሰልፍ ውስጥ የቆሙት ጎልማሶች በአብዛኛው የደርግ ዘመን ልጆች ነበሩ። ከፖለቲካ እንዲርቁ ተመክረው ያደጉ ሰዎች፣ በሩ ገርበብ ባለበት በመጀመሪያው ቀን ገፍተው ገቡ። ነፃነት ለእኛ ባዕድ ነው ለሚል ሁሉ ያ ቀን በቂ መልስ ነው።

እንግዲህ ለልጆቻችን የምናወርሰው ምን ይሁን? በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ አጽሙንና ፎቶግራፉን ማየት ግዴታችን ነው። ጭካኔውን ብቻ ካስተማርን ግን ልጆቻችን «እነዚያ ክፉ ሰዎች ነበሩ» ብለው ያልፉታል፤ የሚያስተዳድሯቸው ክፉ እስካልመሰሉ ድረስም ይተኛሉ። ማስተማር ያለብን አሠራሩን ነው። የኪራይ ሰብሳቢው ቢሮ እንዴት እስር ቤት እንደሆነ፣ መሬት አከፋፋዩ ማኅበር እንዴት ኮታ ሰብሳቢ እንደሆነ፣ ረሃብ ደበቀ ብሎ ንጉሥ የጣለ መንግሥት እንዴት ራሱ ረሃብ እንደደበቀ ማወቅ አለባቸው። የ1979ኙ ሕገ መንግሥትም የንግግርና የመሰብሰብ መብትን በወረቀት ላይ ደርድሮ ነበር፤ ስለዚህ የወረቀት መብት እንዳያታልላቸው። ማንኛውም መንግሥት፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። መንግሥት የሚጠላውን ሰው በነፃ የሚለቅ ዳኛ አለ ወይ? የራቡትን ሰዎች ቁጥር ሳያስፈቅድ የሚያትም ጋዜጣ አለ ወይ? ገበሬው ቀለቡን ሳያጣ ሹሙን መሻር ይችላል ወይ? መልሱ «የለም፣ አይችልም» ከሆነ፣ ዛሬ የሚሰጠን መሬትም፣ ትምህርትም፣ ጸጥታም ነገ ሊወሰድ የሚችል ብድር ነው። የደርግ ዘመን ልጆች ይህን እውቀት በውድ ዋጋ ገዝተውታል፤ ልጆቻቸው እንደገና እንዳይከፍሉበት ጥያቄዎቹን ዛሬ፣ ለምንደግፈው መንግሥትም ጭምር፣ ጮክ ብለን እንጠይቅ።