ጤናችን፦ ዝሆኔ እርግማን አይደለም

አንባቢ ሆይ፤ እግሩ በዝሆኔ ካበጠ ሰው ጎን መቀመጥ ትፈራለህን? አትፍራ፤ በደጋው አገራችን የሚታየው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መርምረው እንዳስረዱት፣ ጠንቁ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ደቂቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይዘጋል። ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ፣ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ቢታመም እርግማን አይደለም።

ጉለሌ፣ ፓስተር ሰፈር የሚገኘው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ከሌሎች ጋር ሆኖ ከ100,000 በላይ ሰዎች አስመርምሮ የበሽታውን ካርታ አዘጋጅቷል።

መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው። በሽተኛም እግሩን በየቀኑ እየታጠበ ቅባት ቢቀባ፣ ጫማም ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንስለታል። ለሥራ ወደ ገጠር ስትሄድ ይህን ንገር፤ ከበሽተኛውም ጋር ከአንድ መሶብ ቁረስ።