ሽሮም ገንቢ ምግብ ነው



ከእኛው ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ በጅቡቲ መንገድ ዳር ማታ ማታ የጥብስ ሽታ አይጠፋም። የአፋር አርብቶ አደርም ከጥንት ጀምሮ በወተትና በሥጋ የኖረ ነው። ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን እሱ ቀኑን ሙሉ ከግመሉና ከፍየሉ ጋር ሲጓዝ ይውላል፤ እኛ ከተሜዎቹ በሱቅ፣ በቢሮና በመኪና ላይ ተቀምጠን ነው የምንውለው።

«ሥጋ ካልበላሁ አቅም የለኝም» የሚል በመካከላችን ብዙ ነው። ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን እኮ በሽሮና በምስርም አለ! 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ይይዛል። ልብን በአመዛኙ የሚጎዳው ፕሮቲኑ ሳይሆን ከጮማውና ከቅቤው ጋር የሚመጣው ስብ ነው፤ ኮሌስትሮል ያበዛል፣ የደም ሥር ያጠባል። ጨው ሲበዛም የደም ግፊት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው እንዳይበልጥ ይመክራል።

ታዲያ ሥጋ ይቅር አንልም፤ ሕፃናትም ወተታቸውን አይከልከሉ። ጮማውን እንቀንስ፤ ሽሮን የድኻ ምግብ ብለን አንናቅ፤ ግፊታችንን በየጊዜው እንለካ። የቤት አለኝታ በድንገት ሲወድቅ የሚቸገረው ቤተሰብ ነው። እንግዳም የሚከበረው በጮማ ብቻ አይደለም።

ጤናችንን በጋራ እንጠብቅ!